የበዓል ትርፍራፊና የግቢው ውሻ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ጉደር ነው። በበዓል ወጥ የነካው እንጀራ፣ የዶሮ አጥንትና ከበጉ የተጣለውን ሳንባ ለውሻችን እንሰጣለን። ይጎዳዋል?

መልስ፦ እንጀራው ብቻውን አይጎዳውም። ወጡ ነው ችግሩ፤ ሽንኩርት ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር ይሾልና አንጀት ሊበሳ ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሳንባው ነው። አምቦ ቄራም ሆነ ጓሮ ሲታረድ፣ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኛል። ውሻ ይህን በጥሬው ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ትል ይፈለፈላል። እኛ የምናውቀው ረጅሙ ኮሶ እንዳይመስልዎት፤ ርዝመቱ ከ7 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም፣ ውሻውም የታመመ አይመስልም። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ወደ ፀጉሩና ወደ ጓሮው ጎመን፣ ከዚያም ወደ ልጆች አፍ ይደርሳል። ከተዋጠው እንቁላል የሚፈጠረው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ከረጢት ያለበትን ያቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቀት ይቅበሩት። ደህና የመሰለዎትንም ቢሆን ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይቀቅሉ አይስጡት። እስካሁን ለበላው ደግሞ የእንስሳት ሐኪም በክብደቱ ልክ ፕራዚኳንቴል ይስጠው።