ቡችላዬን ፓድ ላይ መሽናት እንዴት ላስለምዳት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። የ3 ወር ማልቲዝ ቡችላ አለችኝ። የሽንት ፓድ ባነጥፍላትም ምንጣፉ ላይ ትሸናለች፤ ብቆጣትም አልተወችም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ቁጣውን ይተዉት። ቡችላዋ ከቁጣ የምትማረው ተደብቆ መሽናትን ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ሽንቷን ይዛ የምትቆየው ቢበዛ ለ3 ሰዓት ያህል ነው፤ ትንንሽ ዝርያዎች ከዚያም ላነሰ ጊዜ ብቻ ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ በልታ ስትጨርስ፣ ከጨዋታ በኋላም ወዲያው ወደ ፓዱ ይውሰዷት። ወለሉን እያሸተተች መዞር ከጀመረችም አይዘግዩ።

ፓዱ ከምግቧና ከመኝታዋ ራቅ ብሎ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይነጠፍ። ምንጣፉን ለጊዜው ጠቅልለው ያንሱት፤ ልስላሴው ከፓዱ ጋር ይምታታባታል። ፓዱ ላይ እንደሸናች እዚያው ያሞግሷት፤ ትንሽ ቁራጭ ሥጋም ይስጧት። ስትሳሳት ዝም ብለው ያጽዱ። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ግን አይጠቀሙ፤ ጠረኑ ሽንት ስለሚመስላት ተመልሳ እዚያው ትሸናለች።

ቶሎ ቶሎ ሽንት ጠብ ጠብ ካደረገች ወይም ሽንቷ ላይ ደም ካዩ ሐኪም ጋ ይውሰዷት። ልማዱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፤ በትዕግሥት ከያዟት ግን ትለምዳለች።