የበዓል እሳት

ገና በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይውላል። በአሰላና በአርሲ ደጋ ጊዜው በጋ ነው። ገብሱና ስንዴው ታጭዶ ተከምሯል። የቤታችን ሣር ደርቋል። በበዓል ደግሞ እሳት እናበዛለን። ዳቦ ይጋገራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ኩራዙም እስከ እኩለ ሌሊት ይበራል። አንዲት ፍንጣሪ ሣሩን ከነካች የዓመት ልፋታችን ባንድ ሌሊት ዐመድ ነው። የተኛ ልጅም ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ክምሩን ከቤት አርቀን እንከምር። ጭድና የደረቀ ጉዝጓዝ ከምድጃ አጠገብ አናስቀምጥ።

2. በሚበራ ኩራዝ ላይ ላምባ አንጨምር። አጥፍተን፣ ሲቀዘቅዝ እንሙላው።

3. ስንተኛ እንጨቱን ከጉልቻው አውጥተን ፍሙን በዐመድ እናዳፍን።

4. ላምባ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ የላምባ እሳት ላይ ውሃ ብንደፋ ይስፋፋል። አፈር እናልብሰው።

5. ቤት ከተያያዘ አስቀድመን ሰው እናውጣ። ዕቃ ይተካል፤ ሰው አይተካም።

6. ልብሱ የተያያዘበት ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ይንከባለል። የተቃጠለ ገላ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ እንጂ ቅቤ ወይም ጭቃ አይቀባ። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ጥያቄ፦ ክምራችን ከቤታችን ስንት እርምጃ ይርቃል? ዛሬውኑ ሄደን እንለካው።