የድንበሩ ማሽላና የምርምር አደራ

በምሥራቅ ሱዳን የሚገኘው የገዳሪፍ ምድር ጥቁር መረሬ አፈር ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ ማሽላና ሰሊጥ ይዘራበታል። በወሰኑ ላይ የሱዳን ገላባትና የኢትዮጵያ መተማ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሰው በኬላ ተፈትሾ ያልፋል፤ ማሽላ ግን ከጥንት ጀምሮ ወሰን አያውቅም። በሁለቱም ወገን ያለው ገበሬ ሁለት ጠላቶች አሉበት፤ እነርሱም ድርቅና አቀንጭራ ናቸው።

በኢትዮጵያና በሱዳን ወሰን አካባቢ ገበሬዎች ለብዙ ትውልድ እየመረጡ ካቆዩአቸው የማሽላ ወገኖች አንዱ «ዘራ ዘራ» ይባላል። ከዚህ ወገን የሆነ አንድ የኢትዮጵያ ማሽላ ወደ አሜሪካ ተወስዶ ከሌላ ዝርያ ጋር ተዳቀለ። ከዚያም በቴክሳስ ዝነኛ የሆነ የወላጅ ዝርያ ተገኘ። የዚህ ዝርያ የዘር መዋቅር እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም በዓለም የመጀመሪያው ሙሉ የማሽላ የዘር መዋቅር ሆነ።

ዘሩ ወደ ትውልድ አካባቢው የተመለሰው በሌላ መልክ ነበር። በኢትዮጵያ ተወልዶ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ የተማረው ገቢሳ እጀታ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 ለምርምር ወደ ሱዳን ሄደ። የቴክሳሱን ዝርያ ከሌላ ወላጅ ጋር በማዳቀል የተገኘውና «ሀጂን ዱራ 1» የተባለው ማሽላ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬዎች ተለቀቀ። ስሙ በዐረብኛ «ዲቃላ ማሽላ» ማለት ነው። ድርቅን የሚቋቋም ከመሆኑም በላይ ምርቱ ከነባሩ ማሽላ እጅግ የላቀ ነበር። ገቢሳም በዚህና አቀንጭራን በመቋቋም ምርምሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ።

ይሁን እንጂ ግኝት በምርምር ጣቢያ ብቻ ቢቀር ረኀብን አያስታግሥም። የዲቃላ ዘር ኀይል በመጀመሪያው ትውልድ ላይ ስለሆነ፣ ገበሬው ከጎተራው ቆጥቦ ቢዘራው ምርቱ ይቀንሳል። ስለሆነም ዘሩን በየዓመቱ የሚያባዛ፣ ጥራቱን የሚመረምርና የሚሸጥ ድርጅት ያስፈልጋል። በሱዳንም ከሀጂን ዱራ ጋር የማሽላ ዘር ንግድ አብሮ አደገ። ምርምርን ወደ ገበያ ማውጣት የሚባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ዘሩ ሲሸጥ ትርፉ የማን ነው? ያዳቀለው ተመራማሪ ደክሟል፤ ዘሩን ለብዙ ዘመን መርጦ ያቆየው ገበሬም ደክሟል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው ሕግ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ የተገኘ ፈጠራን በባለቤትነት እንዲይዙ ፈቀደች። ስለ ዘር ሀብት ግን እ.ኤ.አ. እስከ 1992 ድረስ የነበረው አስተሳሰብ «የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው» የሚል ነበር። በዚያ ዓመት የተፈረመው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ለየአገሩ በዘር ሀብቱ ላይ መብት ሰጠ። ኢትዮጵያም በ1998 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 482፣ ማኅበረሰቦች በዕውቀታቸው ላይ አስቀድመው ፈቃድ የመስጠትና ከጥቅሙ የመካፈል መብት እንዳላቸው ደነገገች።

ከዚህም የተነሣ አንድ ዩኒቨርሲቲ በምርምር ረገድ ሁለት አደራ አለበት። የመጀመሪያው የሥነ ምግባር አደራ ነው። ተመራማሪ አዲስ ዘር በገበሬ ማሳ ላይ ሲሞክር፣ ዘሩ ሊከሽፍ እንደሚችል በግልጽ ሊነግረውና ፈቃዱን ሊጠይቅ ይገባል። የአንድ ክረምት ምርት ለተመራማሪው ቁጥር ነው፤ ለገበሬው ግን የዓመት እንጀራ ነው። ሁለተኛው ግኝቱን ወደ ሥራ የማድረስ አደራ ነው። የባለቤትነት መብት እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ከዘር ድርጅት ጋር ምን ዐይነት ውል እንደሚፈረም፣ ጥቅሙም እንዴት እንደሚከፋፈል ተመራማሪው ብቻውን ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ሊረዳው ይገባል።

የገበያ መንገድም አንድ ብቻ አይደለም። የአቀንጭራ ዘር የሚበቅለው ከማሽላ ሥር የሚወጣውን ንጥረ ነገር ሲያገኝ ነው። ገቢሳና ባልደረቦቹ ይህን ንጥረ ነገር እጅግ በጥቂቱ የሚያመነጩ ማሽላዎችን አወጡ። ከእነዚህም «ጎቢዬ»ና «አብሽር» የተባሉት በኢትዮጵያ ተለቀቁ። እነዚህ ዲቃላ ስላልሆኑ ገበሬው ዘራቸውን ቆጥቦ ለጎረቤቱም ሊያካፍል ይችላል።

እንግዲህ ዲቃላው የሚነግድ ድርጅት ይፈልጋል፤ ሌላው ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። የትኛው መንገድ ለየትኛው ግኝት እንደሚስማማ ሲወሰን፣ ዘሩን በመጀመሪያ ያቆየው ሰው ሊዘነጋ አይገባም።

የቃላት ፍች
አቀንጭራ፦ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር ጥገኛ አረም
ዲቃላ፦ ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የተገኘ
አደራ፦ በእምነት የተሰጠ ኀላፊነት

ጥያቄዎች
1. የዲቃላ ዘር በየዓመቱ መገዛት ያለበት ለምንድን ነው?
2. ዩኒቨርሲቲ ያለበትን ሁለት አደራ በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
3. «የአንድ ክረምት ምርት ለተመራማሪው ቁጥር ነው» የሚለው አባባል ምን ማለት ነው?
4. ከአንድ አዲስ ዘር ሽያጭ የሚገኘው ጥቅም እንዴት ቢከፋፈል ተገቢ እንደሚሆን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።