ማካሮቭ ወይስ ቱርክ? ወደ አርባ ምንጭ ለምትመለሱ

የእህቴ ልጅ ከዴንቨር ሁለት የሽጉጥ ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አንዱ ማካሮቭ፣ አንዱ «ቱርክ»። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ጋሼ፣ ያለችኝ ብር ለአንዱ ብቻ ነው የምትበቃው። ቱርኩ ይረክሳል፣ አዲስም ነው። የቱን ልያዝ?»

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ላይ የጀመረውን ቤት ሊጨርስ ነው፤ ጥር ላይ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይገባል። ቤቱ ብሩን በልቶበት፣ ለጥበቃ ብሎ የቆጠባት ትንሽ ገንዘብ ቀርታለች። ፎቶዎቹን ያቀበለው ደላላ ነው።

በጥያቄው አልሳቅሁበትም። የኖረው ሰው ሱቅ ገብቶ፣ ሪከርዱ ተጣርቶ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሽጉጥ በሚመርጥበት አገር ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎችም ተመላሾች ሰምቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቀውን መለስኩለት።

ማካሮቭ የሶቪየት ጦር በ1950ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የታጠቀው፣ እኛ አገር በደርግ ዘመን የተለመደ ሽጉጥ ነው። ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል፤ ክብደቱ 730 ግራም አካባቢ ነው። ጥይቱ 9 ሚሊ ይባላል፤ ቱርኩም 9 ሚሊ ይባላል። ደላላው «ጥይታቸው አንድ ነው» ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ አይደለም። የማካሮቭ ቀለህ ርዝመቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ይህን የማያውቅ ሻጭ ስለ ቀሪው ምን ሊያውቅ ይችላል?

ወደ ቱርኩ ፎቶ ስመጣ በጣቴ አጎላሁት። አፈ ሙዙ ላይ ከውጭው ብረት ቀለሙ የተለየ ቱቦ ከውስጥ ገብቷል። በጎኑ፣ ቁጥሩ መኖር ያለበት ቦታ ላይ የሞረድ ጭረት ብቻ ይታያል። በኮንትሮባንድ ከሚገቡት መካከል «ቱርክ» የሚል ስም የሚሰጠው ለሁለት ዓይነት ዕቃ ነው። አንደኛው በፋብሪካ ለጥይት የተሠራ እውነተኛ ሽጉጥ ነው። ሁለተኛው ለድምፅ ብቻ፣ ለሠርግና ለፊልም ተኩስ ከለስላሳ የዚንክ ቅይጥ የተሠራ ሆኖ፣ በኋላ ጓዳ ውስጥ በርሜሉ የተቀየረ ነው። መልካቸው መንትያ ነው፤ ሁለተኛው ግን የእውነተኛ ጥይት ግፊት እንዲችል ስላልተሠራ ተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የእህቴ ልጅ «አዲስ ነው» ያለኝ ይህንኑ ነው።

እና ማካሮቩን ልያዝ? አለኝ። ማካሮቩስ ፈቃዱ በማን ስም ነው? ደላላው «ወረቀት በኋላ ይወጣል» ብሎታል።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ነው። ፈቃድ ይቀድማል፣ መሣሪያ ይከተላል፤ «ገዝቼ አስመዘግባለሁ» የሚባል መንገድ የለም። ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ ደግሞ ቀድሞ በምን ወንጀል እንደዋለ አይታወቅም፤ ቤታችሁ ሲገኝ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ቅጣቱ እስራት ነው።

ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) የያዛችሁ «እኛ እንደ ዜጋ ነን» ትላላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ብዙ መብት ተሰጥቷችኋል፤ ካርዱ ግን የመሣሪያ ፈቃድ አይደለም፤ ያንን መብት የሰጣችሁ የሚመስላችሁ ካላችሁ ከደላላ ሳይሆን የዞኑ ፖሊስ ዘንድ በአካል ቀርባችሁ አረጋግጡ። የራሳችሁን ሽጉጥ ከውጭ በሻንጣ ይዞ መምጣትንም እርሱት። እንዲያውም ነጭ ሳር ፓርክን ለመጎብኘት ብላችሁ የምትይዙት ርቀት ማሳያ መነጽር እንኳ ቦሌ ላይ ሊያዝባችሁ ይችላል፤ ድሮንም እንደዚያው። ቱሪስት ወፍ ሊያይ መጥቶ መነጽሩን ጉምሩክ አስቀምጦ ሲሄድ ማየት ያሳዝናል፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ብዙ ሰው ሳያስበው የሚገባበት። አባት ወይም አያት ጨንቻ ወይም ቦንኬ ላይ ያስቀመጡት የቆየ ምንሽር፣ ዲሞፍተር። ልጆቹ ለቀብር ከውጭ ይመጣሉ፣ ጠመንጃው ከሣጥን ሥር ይወጣል፣ ወንድማማቾች «ለማን ይሁን?» ብለው ይከራከራሉ። የሟች ፈቃድ በሟች ስም ነው፤ እንደ ጋቢ አይከፋፈልም። ማንም ሳይነካው፣ ለፎቶ እንኳ ሳይታቀፍ፣ ለፖሊስ አሳውቁና የሚሉትን አድርጉ። ለማስታወሻ የሚሆን ከፈለጋችሁ የዶርዜ ቡሉኮ አለ።

ፈቃድ ተሟልቶ መሣሪያ በእጃችሁ ቢገባስ? የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ያውቃል፤ ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊገታ የማይችል፣ ምላሹም ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ግቢ ውስጥ ስልክ ይዞ አጥር ሲዘል በጀርባው የተመታ ሌባ በዚህ አንቀጽ ሥር መግባቱን ማስረዳት ከባድ ነው። በጋሞ ባህል ደግሞ ደም ማፍሰስ ጎሜ (ከባድ ነውር) ነው፤ ፍርድ ቤት በነፃ ቢለቃችሁም ከሟች ወገን ጋር እርቅ ሳይፈጸም ከሰው ጋር እንደ ልብ መኖር የለም።

ስለዚህ ብሩን ምን ላይ እናውለው? የእህቴ ልጅ ግቢ ከፊት ለፊት ቆርቆሮ፣ ከኋላ የባለቤቱ የማይታወቅ ባዶ መሬት ነው። ከኋላ ያለውን በብሎኬት አስጨርስ፣ በሁለቱ ማዕዘን የሶላር መብራት አስቀምጥ አልኩት። ሴቻና ሲቀላ መብራት ሲጠፋ የሚያጋጥመው ጨለማ ከዴንቨር የመጣ ሰው ያላየው ጨለማ ነው። ውሻ ከወደድክ አሳድግ፣ ክትባቱን ግን አስከትበው።

ዘበኛው ላይ ግን ጊዜ ወስደን ተከራከርን። እሱ የፈለገው ርካሹን ነበር፤ ሁለት ሰው ቀርቦለት አንደኛው በወር ትንሽ ብር ያንሳል። ሁለቱም ከቆላው የመጡ፣ ሁለቱም ጎልማሳ፣ ሁለቱም ታማኝ ይመስላሉ። እዚህ ላይ ዋጋ ሳይሆን ተያዥ ይለያል። አንደኛውን የሚያውቀው ራሱ ደላላው ብቻ ነው። ሌላውን ከጎረቤት ሦስት ቤት ያውቀዋል፤ ተያዥ የሚሆነውም የመንግሥት ሠራተኛ አጎቱ ነው። የተያዡን መታወቂያ ቅጂ ያዙ፣ የዘበኛውን ስም ቀበሌ አሳውቁ፣ ደመወዙን በቀኑ ክፈሉ። በአርባ ምንጭ ሌሊት ቅዝቃዜ ባይኖርም ወባ አለ፤ ለዘበኛው ማደሪያ የአጎበር ዋጋ በበጀታችሁ ውስጥ ይግባ። በሌባ ከሞተ ይልቅ በወባ የሞተ ሰው የማውቀው ይበዛል። ሽጉጥ ግን ለዘበኛ አታስይዙ፤ የታጠቀ ጥበቃ የምትሹ ከሆነ ሕጋዊ ፈቃድ ባለው የጥበቃ ድርጅት በኩል ይሁን።

ከሁሉም ግን ዕድር ይቀድማል። ሰፈሩ ገና ሳትገቡበት መዋጮ ክፈሉ፣ ቀብር ላይ ድንኳን ሲተከል ተገኙ፣ ስማችሁ በዝርዝሩ ላይ ይጻፍ። ማታ በራችሁ ሲንኳኳ መጀመሪያ የሚወጣው የዕድር ሰው ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ደግሞ ከውጭ የመጣ ሰው እዚህ የሚጣላው ከሌባ ጋር ሳይሆን በድንበርና በቦታ ከጎረቤትና ከዘመድ ጋር ነው። እዚያ ላይ ሽጉጥ ምን ይሠራል? የአገር ሽማግሌ ያስፈልጋል።

የጋሞ ሽማግሌ ምን ማድረግ እንደሚችል በ2011 መስከረም አገሩ ሁሉ አይቷል። በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ተሰምቶ፣ የተቆጣ ወጣት አርባ ምንጭ ውስጥ የኦሮሞ ተወላጆችን ንብረት ሊያጠቃ ሲንቀሳቀስ፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ አልፎ መሄድ ነውር ነው፤ ወጣቶቹ ቆሙ። እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። የድንበር ጥያቄ ሲነሳ ከጠበቃ በፊት እነሱን ጥሩ፤ ቡናው ተፈልቶ ዳቦው ይቆረስና ነገሩ ከዋለበት አያድርም። በቦታው የተወለዳችሁ ብትሆኑም ከረዥም ዓመት በኋላ ስትመጡ እንደ አዲስ ሰው ሄዳችሁ ሰላም በሏቸው።

የእህቴ ልጅ ጥር ላይ ገባ። የኋላው አጥር አልቋል፣ ዘበኛው ባለ ተያዡ ነው። ብሩ ለአንድ መብራት ብቻ ስለበቃ የግራው ማዕዘን ገና ጨለማ ነው። የደላላውን ስልክ ሲደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም» ይላል።