የየቲም ሐቅና የኮምፒውተር መዝገብ፦ የውስጥ ኦዲትን እንዴት እናቅድ?



አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ ለየቲሞች ገንዘባቸውን ስናስረክብ እንድናስመሰክር አዞናል። ምስክሩ ታማኙን ከሐሜት፣ የቲሙን ከጉዳት ይጠብቃል። ዛሬ የየቲሞች ስም፣ የለጋሾች መዋጮና የየወሩ ክፍያ የሚሰፍረው በኮምፒውተር በመሆኑ ይህም መዝገብ ምስክር ያሻዋል። የውስጥ ኦዲት የምንለው ይህንኑ ነው።

ኮምፒውተር አይሳሳትም የሚል ካለ መጋቢት 2016ን ያስታውስ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ወጪ አድርገዋል፤ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደነበር ባንኩ ገልጿል። አብዛኛውን ማስመለስ የቻለው የወሰደው ሰው ማንነት ተመዝግቦ ስለተገኘ ነው። በክልላችንም በ2015 ክረምት የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። መዝገቡን በኢንተርኔት ብቻ ያኖረ ማኅበር በባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዙሪያ እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ለማን እንደሚከፍል እንኳ ማወቅ ይቸግረዋል።

ስለዚህ ዕቅዳችን አምስት ነገሮችን ይያዝ።

አንደኛ፣ ያሉንን ኮምፒውተሮች፣ ስልኮችና ፍላሾች፣ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቁትን ሰዎች እንዘርዝር።

ሁለተኛ፣ ቢበላሽ የቲሙን ይበልጥ የሚጎዳውን እናስቀድም። የክፍያ ዝርዝሩና የልጆቹ ፎቶግራፍና አድራሻ ከሁሉ ይቀድማሉ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን መረጃ መጠበቅን ሕጋዊ ግዴታ አድርጎታል።

ሦስተኛ፣ መዝጋቢው የራሱን መዝገብ አይመርምር።

አራተኛ፣ ሥራውን በዓመቱ ወራት እናከፋፍል። ሰደቃና ዘካ ከሚበዛበት ከረመዳን በፊት የክፍያ ዝርዝሩን ከባንክ መግለጫና ከተቀባዮች ፊርማ ጋር እናመሳክር። በሌላ ወር ደግሞ የመጠባበቂያ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተን እንሞክረው፤ ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

አምስተኛ፣ የተገኘው ጉድለት፣ የሚያርመው ሰውና ቀነ ገደቡ በጽሑፍ ይቀመጥ። ቀጣዩ ኦዲት ከዚያው ይጀምር።

አንድ ስም በስሕተት ቢሰረዝ፣ ልጇን ይዛ የመጣች እናት ባዶ እጇን ትመለሳለች። ለጋሾች ሆይ፣ «መዝገባችሁን ማን መረመረው?» ብላችሁ ጠይቁን፤ መጠየቃችሁ ለአማናው ማገዛችሁ ነው። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።