ማስታወቂያው የማይነግራችሁ

ሊመረቁ ወራት የቀሯቸው ተማሪዎቼ ስለ ሲቪ አጻጻፍ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ስለሚገቡበት መሥሪያ ቤት ጠባይ ግን የሚጠይቀኝ የለም ማለት ይቻላል።

ማስታወቂያው

ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ በቴሌግራም ይምጣ፣ «ደመወዝ በስምምነት» የሚለውን ብቻ አንብባችሁ አትለፉ። ያው የሥራ መደብ በየሁለትና በየሦስት ወሩ የሚወጣ ከሆነ ወይ ቤቱ እየሰፋ ነው ወይ ሰው አይበረክትበትም። ለፈተና ስትጠሩ «በቦታው የነበረው ሰው ወዴት ሄደ?» በሉ። ነውር የለውም።

ማንን እንጠይቅ?

ሥራውን የጠቆማችሁ ዘመድ የመጨረሻው ምስክር ይሁን፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ሠራተኛው ማታ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ከበር ጥበቃው የተሻለ የሚያውቅ የለም። በምሳ ሰዓት ደጃፉ ካለችው ጀበና ቡና ዘንድ ቁጭ ማለትም ያዋጣል፤ ብሶት የሚወራው እዚያ ነው። ከሁሉም የሚጠቅመው ግን በቅርቡ የለቀቀ ሰው ነው። ተቀይሞ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ስድቡን ትታችሁ ቀኑንና ብሩን ያዙ።

ምን ብለን?

«ቤቱ እንዴት ነው?» ብትሉ መልሱ «ይመስገን፣ ደህና ነው» ነው። እኔም በወጣትነቴ አንድ የግል ትምህርት ቤት ስቀጠር እንዲሁ ጠይቄ፣ ቅዳሜ ያለ ክፍያ እንደሚያስተምሩ ያወቅሁት ከፈረምሁ በኋላ ነው። እንዲህ ጠይቁ፦ ያለፈው ወር ደመወዝ በስንተኛው ቀን ገባ? ለመጨረሻ ጊዜ አምሽተህ የሠራኸው መቼ ነው፣ ተከፈለህ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን ትርፍ ሰዓት የሠራ የመደበኛው የሰዓት ክፍያ 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ትርፍ ሰዓት የሠራ 2.5 እጥፍ ይከፈለዋል። ጡረታንም አንሱ፦ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ቆርጦ ገቢ የማያደርግ ቤት ሌላውንም ነገር እንዴት እንደሚይዝ መገመት አያቅትም። ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ከሆናችሁ ደግሞ ተያዥ ትጠየቃላችሁ፤ የለቀቀው ሰው ተያዡ በስንት ጊዜ እንደተለቀቀለትና ክሊራንስ ለማግኘት ስንት ቀን እንደተመላለሰ ሳትሰሙ አጎታችሁን አታስፈርሙ።

የሙከራ ጊዜ

ብዙዎች የሙከራ ጊዜን አሠሪው ብቻ የሚፈትንበት አድርገው ያዩታል። አዋጁ እንዲህ አይልም። የሙከራው ስምምነት በጽሑፍ መደረግ አለበት፣ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚህ ጊዜ እናንተም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላላችሁ። ካለፈ በኋላ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ግድ ነው። በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሁለት የደመወዝ ቀን ታያላችሁ፣ አለቃችሁ ሲቆጣም ሲያጠፋም ታያላችሁ። ሥራ በጀመራችሁ ዕለት ካላንደር አውጡና ሃምሳኛዋን የሥራ ቀን ክበቧት።