የረገፈው የኋላ መስተዋት፦ በመኪና መስተዋት ውስጥ የታመቀው ኃይል

መግቢያ

አንድ የሥራ ባልደረባችን ማለዳ ወደ ሥራ ለመሄድ ከቤቱ ሲወጣ፣ በግቢው ያሳደራት ቅንጡ አውቶሞቢል የኋላ መስተዋቷ ሙሉ በሙሉ ረግፎ አገኛት። በኋላ ወንበሯና በዕቃ መጫኛዋ ክዳን ላይ ሽምብራ የሚያካክሉ እጅግ ብዙ የመስተዋት ቅንጣቶች ተበትነዋል። ከመካከላቸው አንዲት ትንሽ ጠጠር ተገኘች። ባልደረባችን ስለሚያወጣው ገንዘብ ሲያስብ፣ እኛ ደግሞ በሙያችን ምክንያት ወደ ጥያቄ አመራን። ጠጠሯ የመታችው አንድ ነጥብ ብቻ ሆኖ ሳለ መስተዋቱ በሙሉ ለምን ረገፈ? ያው ጠጠር የፊቱን መስተዋት ቢመታ ኖሮ ለምን ተመሳሳይ ነገር አይደርስም ነበር? አዲሱን መስተዋት ለመግጠምስ ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

ጥያቄዎቹ ተራ ቢመስሉም መልሳቸው ስለ ቁስ አካላት ጥንካሬ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ኬሚስትሪ በክፍል ውስጥ የምንማረውን ሁሉ የሚነካ ነው። ትምህርቱን ችላ ማለትም ዋጋ እንደሚያስከፍል ወደ ኋላ እንመለከታለን።

መስተዋት ለምን ይሰበራል?

መስተዋት በአተሞቹ መካከል ያለው ትስስር እጅግ ጠንካራ ነው። በስሌት ብቻ ብንሄድ ሊኖረው የሚገባው ጥንካሬ በተግባር ከሚታየው ወደ መቶ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ይህን ልዩነት ያብራራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን አርኖልድ ግሪፊዝ ሲሆን፣ ጽሑፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር። እንደ ግሪፊዝ ማብራሪያ በመስተዋት ገጽ ላይ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ሞልተዋል። መስተዋቱ በሚወጠርበት ጊዜ ኃይሉ በስንጥቆቹ ጫፍ ላይ ይከማቻል፤ ስንጥቁም እየሰፋ ይሄዳል። ብረት ቢሆን ኖሮ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ጥቂት ተለምጦ ኃይሉን ያበርደው ነበር። መስተዋት ግን መለመጥ አይችልም።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ስንጥቅ የሚሰፋው መስተዋቱ ሲወጠር እንጂ ሲጨመቅ አይደለም። በመደርደሪያ ላይ የተደረደሩ መጻሕፍትን ከግራና ከቀኝ በሁለት እጃችን አጥብቀን ብንጫናቸው ሁሉንም እንደ አንድ ዕቃ ማንሳት እንችላለን። እንዲነጣጠሉ ከተፈለገ አስቀድሞ ግፊታችንን የሚያሸንፍ ኃይል ያስፈልጋል። እንግዲህ የመስተዋትን ገጽ ሁልጊዜ ተጨምቆ እንዲኖር ማድረግ ብንችል ስንጥቆቹ ተዘግተው ይቆያሉ ማለት ነው።

የልዑል ሩፐርት ጠብታዎች

ይህ ሐሳብ በአጋጣሚ የታወቀው ከ350 ዓመታት በፊት ነው። የቀለጠ መስተዋት ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ሲንጠባጠብ ቀጭን ጭራ ያለው ጠብታ ይሆናል። የጠብታውን ራስ በመዶሻ ቢመቱት አይበገርም። ጭራውን በጣት ቀንጠብ ቢያደርጉት ግን ጠብታው በሙሉ በቅጽበት ዱቄት ይሆናል። እነዚህ ጠብታዎች እስከ ዛሬ በልዑል ሩፐርት ስም ይጠራሉ። ልዑሉ ወደ እንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ካመጣቸው በኋላ፣ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ1661 መርምሯቸዋል። ስንጥቁ በጠብታው ውስጥ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጓዝ ግን እጅግ ፈጣን ካሜራዎች እስከሚመጡ ድረስ በትክክል አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ በሆነ ጥናት ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1400 ሜትር በላይ መሆኑ ተለካ።

የመኪናው የኋላ መስተዋት የዚያ ጠብታ የቅርብ ዘመድ ነው።

የተጠናከረ መስተዋት እንዴት ይሠራል?

መስተዋቱ በመጀመሪያ በሚፈለገው ልክ ይቆረጣል፤ ጠርዙ ይሞረዳል፤ ቀዳዳ የሚያስፈልገው ከሆነም ይበሳል። ከዚያም ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቅና ቅርጹን ከያዘ በኋላ በሁለቱም ገጽ ቀዝቃዛ አየር በኃይል ይነፋበታል። ገጹ ቀድሞ ይቀዘቅዝና ይደርቃል። ውስጡ ግን ገና ትኩስና ለስላሳ ነው። ውስጡ በተራው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ለመኮማተር ይፈልጋል፤ የደረቀው ገጽ ግን አይለቀውም። በመጨረሻም ገጹ እንደተጨመቀ፣ ውስጡም እንደተወጠረ ይቀራል።

መስተዋቱን ከውጭ የሚገፋው ነገር ስለሌለ የጭመቃውና የውጥረቱ ኃይሎች መመጣጠን አለባቸው። በመስተዋቱ ውፍረት ውስጥ ያለው የጫና ሥርጭት በፓራቦላ ቅርጽ ቢወሰድ፣ ስሌቱ ሁለት ቀላል ውጤቶችን ይሰጠናል። አንደኛ፣ በመካከል ያለው ውጥረት በገጹ ላይ ካለው ጭመቃ ግማሽ ነው። ሁለተኛ፣ የተጨመቀው ንብርብር በእያንዳንዱ ገጽ ከጠቅላላው ውፍረት 21 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ለምሳሌ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር፣ የገጹ ጭመቃም 100 ሜጋ ፓስካል ቢሆን፣ በመካከል ያለው ውጥረት 50 ሜጋ ፓስካል፣ የተጨመቀው ንብርብር ጥልቀትም 0.84 ሚሊሜትር ይሆናል።

እንዲህ ያለው መስተዋት ከተራው መስተዋት አራትና አምስት እጥፍ ይጠነክራል። ነገር ግን ሹል ጠጠር ወይም የጠርዝ ጉዳት ያንን ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ንብርብር አልፎ ወደ ተወጠረው ክፍል ከደረሰ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ስንጥቁ ከዚያ በኋላ የውጭ ኃይል አያስፈልገውም፤ በመስተዋቱ ውስጥ የታመቀው ኃይል ራሱ ይነዳዋል። እየተጓዘም ደጋግሞ ይከፈላል። በሰከንድ 1500 ሜትር የሚጓዝ ስንጥቅ 1.4 ሜትር ስፋት ያለውን መስተዋት ለማቋረጥ አንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል።

የታመቀው ኃይል ስንት ነው? ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ መሠረት ለአንድ ካሬ ሜትር መስተዋት ብናሰላው ወደ 90 ጁል ገደማ እናገኛለን። ይህ 9 ኪሎግራም የሚመዝን ዕቃ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጉልበት ነው።

መርገፉ ግን ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የታሰበ ጥቅም ነው። ተራ መስተዋት ሲሰበር እንደ ጩቤ የሾሉ ረጃጅም ስብርባሪዎች ይወጡታል። የተጠናከረው መስተዋት ግን ወደ ትናንሽ ቅንጣቶች ይለወጣል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ መስተዋት ደንብ ቁጥር 43፣ በሙከራ በተሰበረ የተጠናከረ መስተዋት ላይ በየትኛውም 5 በ5 ሴንቲሜትር በሆነ ቦታ ውስጥ ከ40 ያላነሱ ቅንጣቶች እንዲገኙ ያዛል። ይህም የአንዱ ቅንጣት ስፋት በአማካይ ከ0.63 ካሬ ሴንቲሜትር አይበልጥም ማለት ነው።

የፊቱ መስተዋት ለምን ይለያል?

ሾፌሩ በጉዞ ላይ ሳለ የፊቱ መስተዋት እንደዚያ ቢረግፍበት መንገዱን ማየት ይሳነዋል፤ ንፋሱና ጠጠሩም ፊቱን ይመታዋል። ስለዚህ የፊት መስተዋት የሚሠራው ሁለት ቀጫጭን መስተዋቶችን በመካከላቸው ባለ ፕላስቲክ በማጣበቅ ነው። የዚህ ሐሳብ ባለቤት ፈረንሳዊው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ ሲሆን፣ ከቤተ ሙከራ መደርደሪያ የወደቀ ብልቃጥ ውስጡን በለበሰው ስስ ንጥረ ነገር ተያይዞ ሳይበታተን መቅረቱን አይቶ ነው ሐሳቡን ያገኘው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብት ማስረጃ ጠይቆበታል።

ባልደረባችን የደረሰበት ሁለተኛ ጉዳት

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ባልደረባችን ብዙ ፈልጎ ከዚያው የመኪና ዓይነት፣ ነገር ግን ከሌላ ዓመት ሥሪት የወጣ የኋላ መስተዋት ገዛ። ሲለካ በአንድ ጎን በጥቂት ሚሊሜትር ሰፍቶ ተገኘ። ሠራተኛውም «ጠርዙን ትንሽ ብንስለው ይገባል» ብሎ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ አመጣ። እኛም በአጠገቡ ቆመን ነበር። ከላይ የጻፍነውን ሁሉ ለተማሪዎቻችን በሰሌዳ ላይ የምናስተምረው እኛ በዚያች ሰዓት አንዲት ቃል አልተናገርንም። የባለሙያውን ልምድ አክብረን ይሁን ወይም ትምህርታችን ከሰሌዳው ወርዶ ከፊታችን መቆሙን ሳናስተውል፣ ዛሬም መልስ የለንም። ድንጋዩ ጠርዙን በነካ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መስተዋቱ እንደ ጥይት ጮኾ በእጃቸው ላይ ረገፈ። የዓይን መከላከያ ያላደረገው ሠራተኛ ከዓይኑ በታች ተቆረጠ። ቁስሉ ቀላል ነበር፤ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ቢል ግን ዛሬ ይህን በቀላሉ ባልጻፍነው ነበር።

የተጠናከረ መስተዋት አንዴ ከተጠናከረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ አይሞረድም። በልኩ የተሠራውን ከማግኘት ሌላ አማራጭ የለውም። ተራ የመስኮት መስተዋት ቆርጦ መግጠምም መፍትሔ አይሆንም፤ በአደጋ ጊዜ ስብርባሪው ሰው ይጎዳልና።

በመስተዋቱ ላይ የተሳሉት መስመሮች

በኋላ መስተዋት ላይ የሚታዩት ቀጫጭን አግድም መስመሮች ጌጥ አይደሉም። ብር ካለበት ቅባት ታትመው በእሳት የደረቁ የኤሌክትሪክ መንገዶች ሲሆኑ፣ በመስተዋቱ ላይ የሚቋጥረውን ጤዛ ያደርቃሉ። በቅንጡ መኪኖች ላይ የሬዲዮ አንቴናውም ብዙ ጊዜ በዚሁ መስተዋት ላይ ይታተማል።

መስመሮቹ በትይዩ የተያያዙ ናቸው። እያንዳንዳቸው 9.6 ኦም የሆኑ 12 መስመሮች ቢኖሩ ጠቅላላው ተቃውሞ 0.8 ኦም ይሆናል። ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ሲገናኙም 15 አምፒር ይወስዳሉ፤ ይህም 180 ዋት ነው። አንዱ መስመር ቢበጠስ የቀሩት 11 መስመሮች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ 165 ዋትም ይሰጣሉ። መስመሮቹ በተከታታይ ተያይዘው ቢሆን ኖሮ አንድ ጭረት ሁሉንም ያጠፋቸው ነበር።

አዲሱን መስተዋት መግጠም

ባልደረባችን በመጨረሻ ትክክለኛውን መስተዋት አገኘ። የሥራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነበር።

በመጀመሪያ ባትሪው ተነቀለ። ጓንትና የዓይን መከላከያ ተደርጎ ስብርባሪው ከወንበሩ፣ ከምንጣፉና ከጠርዙ ቦይ ተጠረገ። ቀጥሎም በብረቱ ላይ የቀረው አሮጌ ማጣበቂያ በስለት ተስተካክሎ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ያህል ስስ ንብርብር እንዲቀር ተደረገ፤ አዲሱ ማጣበቂያ ንጹሕ በሆነ የቀድሞ ማጣበቂያ ላይ በሚገባ ይይዛልና። ቀለሙ የተጫረበት ቦታ ሁሉ እንዳይዝግ መከላከያ ተቀባ። ከዚያም ማጣበቂያው ሳይቆራረጥ ዙሪያውን ተደረገ፤ መስተዋቱም በመምጠጫ ጎማዎች ተይዞ በሁለት ሰዎች በቀስታ ተቀመጠ።

ማጣበቂያው ፖሊዩሬቴን ይባላል። የሚደርቀው እንደ ቀለም በመትነን ሳይሆን በኬሚካላዊ ለውጥ ነው። አይሶሳያኔት የተባሉት የሞለኪውሉ ክፍሎች ከአየር እርጥበት ጋር ተዋህደው ረጃጅሞቹን ሞለኪውሎች እርስ በርስ ያስተሳስራሉ፤ በዚህም ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። እርጥበቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚዘልቅ ላይ ላዩ ደርቆ ሳለ ውስጡ ገና ለስላሳ ሊሆን ይችላል። እንደ አዲስ አበባ በጋ ያለ ደረቅ አየርና ቀዝቃዛ ሌሊት ደግሞ ሥራውን ያዘገየዋል።

ባልደረባችን ወዲያው መኪናውን አስነሥቶ ለመሄድ ፈልጎ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ዝም አላልንም። በማጣበቂያው ዕቃ ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ እስኪያልፍ እንዲታገሥ፣ በር ሲዘጋ የሚገፋው አየር መስተዋቱን እንዳያንቀሳቅሰውም የጎን መስኮት ጥቂት ከፍቶ እንዲተው ነገርነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እርሱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ለቅሟል።

በራሳችሁ ሞክሩት

ውድ አንባቢያን፣ በመስተዋቱ ውስጥ የታመቀውን ጫና በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ጥርት ባለ ሰማይ ሥር የቆመ መኪና የኋላ መስተዋት ላይ በፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ተመልከቱ። የፈዘዙ ነጠብጣቦች ወይም መስመሮች በረድፍ ይታዩአችኋል። እነዚህ ቀዝቃዛው አየር በተነፋበት ጊዜ የቀሩ አሻራዎች ናቸው። ጫና ያለበት መስተዋት የብርሃንን የርግብግቢት አቅጣጫ ስለሚለውጥ መነጽሩ ይገልጣቸዋል። በመስተዋቱ ጥግ ያለውን ምልክትም አንብቡ። በክብ ውስጥ «ኢ» የሚለው የላቲን ፊደልና ቁጥር ካለ መስተዋቱ የተጠቀሰውን ደንብ አሟልቶ ዕውቅና ማግኘቱን ያሳያል፤ ቁጥሩ ዕውቅናውን የሰጠው አገር መለያ ሲሆን 1 ቁጥር የጀርመን፣ 2 ቁጥር የፈረንሳይ ነው።

ማጠቃለያ

የኋላ መስተዋት ጥንካሬውም ሆነ አረጋገፉ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ይኸውም በገጹ ያለው ጭመቃና በውስጡ ያለው ውጥረት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የተጠናከረ መስተዋት ላይ መሳያ ድንጋይ አያነሣም። ሌላው ሲያነሣም ቆሞ አያይም። እኛ ከዚያች ቀን የተማርነው ሁለተኛውን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር በሆነ የተጠናከረ መስተዋት የተጨመቀው ንብርብር ጥልቀት ስንት ነው?
2. ከ12ቱ የማሞቂያ መስመሮች 3ቱ ቢበጠሱ ጠቅላላው ተቃውሞና ኃይል ስንት ይሆናል?
3. የጎን መስተዋቶች እንደ ፊቱ ባለ ንብርብር ቢሆኑ በአደጋ ጊዜ ምን ጥቅምና ምን ጉዳት ይኖረዋል?